ዳቦ የት ይደር? መሶብ፣ ፍሪጅ፣ ፍሪዘርና ዲፕ ፍሪዘር ለጅማ ቤት ሲነጻጸሩ

ለኢድ፣ ለፋሲካ ወይም ለሠርግ የተደፋ ድፎ ዳቦ እንግዳው ከሄደ በኋላ ግማሹ ይተርፋል። ጅማ ላይ የተረፈ ዳቦ ጠላቱ ሁለት ነው፤ ከላይ ሻጋታ፣ ከውስጥ መድረቅ። አብዛኛው ቤት የሚያደርገው ፌስታል ውስጥ ከትቶ ፍሪጅ መክተት ነው። ሻጋታውን ያዘገየዋል፣ እውነት ነው፤ ዳቦውን ግን ጠረጴዛ ላይ ከተተወው ቀድሞ ያደርቀዋል። በዚህ ጽሑፍ ቤት ውስጥ ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ እናያለን፤ ፍሪዘሩ ላይ ግን ረዘም አድርገን እንቆያለን፤ ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚያ ነውና።

ከመምረጥ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው የቀን ጥያቄ ነው። ዳቦው ነገ ለቡና ቁርስ የሚያልቅ ከሆነ ምንም ማሽን አያስፈልገውም። ከሦስት ቀን በላይ የሚቆይ ከሆነ ነው ሐሳቡ የሚጀምረው።

ሁለተኛው የዳቦው ዓይነት ነው። ወፍራም ድፎ፣ ቅርፊቱ የሚሰባበር ፉርኖ ዳቦ፣ ስስ አምባሻና ተቆራርጦ የሚሸጥ ቶስት ዳቦ ቅዝቃዜን እኩል አይችሉም።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማይጠይቀው፣ ፍሪዘሩ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ነው። «በረዶ ይሠራል» ማለት በቂ አይደለም፤ ውሃ በዜሮ ዲግሪ ይረጋል፣ ዳቦ ግን በዜሮ አይረጋም።

አራተኛው መብራት ነው። ሰፈርዎ መብራት በሳምንት አንዴ ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚጠፋበት ከሆነና ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ የሚውልበት ከሆነ ምርጫው አንድ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ዳቦው ሲወጣ በምን እንደሚሞቅ ያስቡ። ኦቭን ያለው ቤት ግማሽ ድፎ እንዳለ ማቀዝቀዝ ይችላል። ያለው ምጣድ ወይም መጥበሻ ብቻ ከሆነ የግድ ቆራርጦ ማስቀመጥ ይሻላል።

ዳቦ ታሽጎም ለምን ይደርቃል

ዱቄት ውስጥ ያለው ስታርች ሲጋገር ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል። ዳቦው ከቀዘቀዘ በኋላ ስታርቹ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይደረደርና ይጠነክራል፣ የጠጣውንም ውሃ ይለቃል። ለዚህ ነው ዳቦ ጥብቅ ብሎ ታስሮ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳያጣ፣ ማግስቱን እንጨት እንጨት የሚለው። ይህ ነገር እጅግ የሚፈጥነው በዜሮ ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ልክ ፍሪጅ በሚሠራበት ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሲደርስ ግን የቆመ ያህል ነው።

ዳቦ ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ ጨውና ስኳር የሟሟበት ስለሆነ ለመርጋት ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ መውረድ አለበት። ደካማ ፍሪዘር ውስጥ የገባ ዳቦ እንግዲህ ሳይረጋ፣ በጣም በሚደርቅበት ቅዝቃዜ ላይ ተኝቶ ይከርማል።

አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ዳቦው እንደገና ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የተደረደረው ስታርች ይላላል። ያደረ ዳቦ ምጣድ ላይ ሲሞቅ የሚለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው። የሚቆየው ግን እስኪበርድ ድረስ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚሞቀው የሚበላው ያህል ብቻ ይሁን።

መሶብ፣ ጨርቅና የዳቦ ዕቃ

ለአንድና ለሁለት ቀን ከዚህ የሚበልጥ የለም። ድፎው በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ መሶብ ውስጥ ይቀመጣል፤ የተቆረጠው ፊት ወደ ታች ይሁን፤ አየር ካላገኘው ቶሎ አይደርቅም። ፉርኖ ዳቦ በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት ይሻለዋል፤ ፌስታል ውስጥ ቅርፊቱ ወዲያው ይልማል።

የጅማ ችግር እርጥበቱ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት የሚዘልቅባት ከተማ ናት፤ በሰኔና በሐምሌ በፌስታል ታስሮ ጠረጴዛ ላይ የተተወ ዳቦ በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ ነጥብ ቢያወጣ አይገርምም። ነጥቧን ብቻ ቆርጦ መብላት ደግሞ ልማድ ሆኖብናል። ዳቦ ስፖንጅ ነው፤ የሻጋታው ክር ከሚታየው አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። የሻገተ ይጣል። ፍሪዘርም ሻጋታን አይገድልም፤ ያስተኛዋል እንጂ።

ከሻጋታ ሌላ በሙቀትና በእርጥበት የሚመጣ ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው ብልሽት አለ። ዳቦው ከውጭ ደህና ይመስላል፤ ሲገነጥሉት ግን መሐሉ ይለጠፋል፣ እንደ ማር ክር ይጎተታል፣ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍራፍሬም ይሸታል። ምክንያቱ ዱቄት ውስጥ ያለ፣ በመጋገር ሙቀት ዘሩ የማይሞት ባክቴሪያ ነው። ወፍራም ድፎ መሐሉ ሳይበርድ ሲጠቀለል በጣም ይመቸዋል። እንዲህ ያለ ዳቦ ፍሪዘር አያድነውም፤ ተጥሎ ቢላው፣ መክተፊያውና የዳቦ ዕቃው በሆምጣጤ ይታጠቡ።

ፍሪጅ (ከፍሪዘሩ በታች ያለው ክፍል)

አይመከርም። ዳቦው የግድ ሊሞቅ ከሆነና ሻጋታን ለሁለትና ሦስት ቀን ማዘግየት ብቻ ከተፈለገ ይቻላል። ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ክሬም ያለበት ዳቦ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ስለሚበላሽ ፍሪጅ መግባት አለበት፣ ቢደርቅም ይድረቅ።

ባለ አንድ በር ፍሪጅ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፍሪዘር

ተከራይና አዲስ ተጋቢ ቤት የሚገኘው ይኸው ነው። ቦታዋ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሊትር ነው። ከ2 ኪሎ ዱቄት የተጋገረ ድፎ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከ8 እስከ 10 ሊትር ቦታም ይይዛል፤ ሥጋ ካለ ድፎው በሙሉ አይገባም ማለት ነው።

ዋናው ነገር በሯ ላይ ያለው ኮከብ ነው። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ፣ ሁለት ኮከብ 12፣ ሦስት ኮከብ 18 ዲግሪ ማለት ነው። አራት ኮከብ 18 ዲግሪ ሆኖ አዲስ የገባ ምግብን ፈጥኖ የማቀዝቀዝ አቅም ያለው ነው። ባለ አንድ ኮከቧ ለዳቦ ከአንድ ሳምንት በላይ አትታመንም፤ ባለ ሁለቷ እስከ አንድ ወር ታስኬዳለች።

ኮከቡ ከተፋቀ ወይም ፍሪጁ ያረጀ ከሆነ በጨው ውሃ ይፈተሻል። 80 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ በሚዛን 20 ግራም ጨው ጨምረው እስኪሟሟ ያማስሉ፤ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩት። ይህን ያህል ጨው ያለው ውሃ በረዶ ማውጣት የሚጀምረው ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው። ጠዋት በማንኪያ ሲነኩት የበረዶ ፍርፋሪ ካለው ፍሪዘሩ ለዳቦ የሚበቃ ነው። አሁንም እንደ ውሃ የሚፈስ ከሆነ መቆጣጠሪያውን ይበልጥ ወደሚያቀዘቅዘው አዙረው በማግስቱ ደግመው ይፈትሹ። ሌላው ምልክት ዳቦው ራሱ ነው፤ በደንብ የረጋ ቁራጭ ሲያንኳኩት እንደ እንጨት ይጮኻል፤ በጣት ሲጫኑት ከሰጠ ገና አልረጋም።

የዚህች ፍሪዘር ሌላ ጠባይ ግድግዳዋ ላይ በረዶ መጋገሯ ነው። በረዶው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ቅዝቃዜው ይደክማል። ነቅሎ ማቅለጥ እንጂ በቢላ መፋቅ አይገባም፤ ቱቦው ከተበሳ ጋዙ ይወጣል፣ ጥገናውም ከዳቦው ሁሉ ይበልጣል።

ባለ ሁለት በር ፍሪጅ፣ ፍሪዘሩ ለብቻው

ለአምስትና ለስድስት ቤተሰብ በሳምንት አንዴ ለሚጋግር ቤት የምንመርጠው ይህን ነው። የፍሪዘሩ በር ለብቻው ስለሆነ ለውሃና ለወተት በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው አይፈስም፣ ብዙዎቹም ሦስት ወይም አራት ኮከብ አላቸው።

በረዶ የማይጋግሩት ዓይነቶች አንድ ጉድለት አለባቸው። በረዶውን የሚያቀልጡት በየጊዜው ውስጣቸውን ትንሽ በማሞቅ ነው፣ በማራገቢያም ደረቅ አየር ያዞራሉ። ሞቅ በረድ በሚል ቁጥር ከዳቦው እርጥበት እየወጣ መጠቅለያው ውስጥ ብናኝ በረዶ ይሆናል፣ ዳቦው ላይም ነጫጭ ደረቅ ጠባሳ ይቀራል። የሚያድነው ጥሩ መጠቅለያ ነው። በእጅ የሚቀልጠው የድሮው ዓይነት ለዳቦ የተሻለ መሆኑን ሻጮች አይነግሩዎትም።

ዲፕ ፍሪዘር

ከላይ የሚከፈተው ሣጥን ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ክዳኑ ሲከፈት ወደ ውጭ አይፈስም፤ ግድግዳውም ወፍራም ነው። መብራት ሲጠፋ የሚስተካከለው የለም። ለድግስ ቤት፣ ለቡና ቤት፣ ጠዋት ጠዋት ሻይ በዳቦ ለሚሸጥ፣ እንዲሁም ሥጋና ቅቤ በብዛት ለሚያስቀምጥ ቤተሰብ ይሆናል። ለዳቦ ብቻ ብሎ መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ባዶ ሣጥን ማቀዝቀዝ መብራት ይበላል፣ ባዶ ሲሆንም ቅዝቃዜ አይዝም።

ጉዳቱ ታች የገባ ነገር መረሳቱ ነው። ሥጋ ከታች፣ ዳቦ ከላይ ባለው ቅርጫት ይሁን። ከላይ ሥጋ ከሆነ መብራት በጠፋ ዕለት ደሙ ዳቦው ላይ ይንጠባጠባል።

ማድረቅ

ፍሪጅ ለሌለው ቤት ሁነኛ መንገድ ነው። ዳቦው 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ተቆርጦ በለዘብታ እሳት፣ ኦቭን ካለ በ120 ዲግሪ፣ እስኪሰበር ይደርቃል፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፤ ለሻይ ነው። በክረምት በፀሐይ አደርቃለሁ ማለት ግን ጅማ ላይ ሻጋታ መዝራት ነው።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| አማራጭ | ዳቦ ጣዕሙን ይዞ የሚቆየው | መብራት ሲጠፋ | ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| መሶብና ጨርቅ | 1–2 ቀን | አይነካውም | የለም | ለዕለት ዳቦ |
| ፍሪጅ | 1 ቀን ሳይሞላ ይደርቃል፤ ሻጋታ ይዘገያል | ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል | ያለው ፍሪጅ | መሙያ ያለው ዳቦ ብቻ |
| ትንሽ ፍሪዘር፣ 1 ኮከብ | እስከ 1 ሳምንት | ጥቂት ሰዓት | ያለው ፍሪጅ | ለ1–2 ሰው |
| ትንሽ ፍሪዘር፣ 2 ኮከብ | እስከ 1 ወር | ጥቂት ሰዓት | ያለው ፍሪጅ | ለ2–3 ሰው |
| ባለ ሁለት በር፣ 3–4 ኮከብ | 1 ወር በጣም ጥሩ፣ እስከ 3 ወር ደህና | ከሞላ አንድ ቀን ገደማ | መካከለኛ | ለቤተሰብ |
| ዲፕ ፍሪዘር | 1 ወር በጣም ጥሩ፣ እስከ 3 ወር ደህና | ሙሉ ከሆነ 48፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት | ከፍተኛ | ለድግስ፣ ለንግድ፣ ለትልቅ ቤተሰብ |
| ማድረቅ | ለሳምንታት፣ ግን ደረቅ ሆኖ | አይነካውም | ማገዶ ወይም መብራት | ፍሪጅ ለሌለው |

በሠንጠረዡ ያሉት የመብራት ሰዓቶች በሩ ጨርሶ ካልተከፈተ ብቻ የሚሠሩ ናቸው።

የትኛው መጠቅለያ?

እዚህ ላይ ያለው ልዩነት ከፍሪዘሩ ልዩነት አይተናነስም። ባለ አራት ኮከብ ፍሪዘር ውስጥ በላላ ፌስታል የተቀመጠ ዳቦ፣ ባለ ሁለት ኮከብ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ከታሸገው ቀድሞ ይበላሻል።

የገበያ ፌስታል ስስ ነው፣ አየርና ሽታ ያስገባል፤ ለሦስትና ለአራት ቀን ብቻ፣ ያውም ሁለት ተደርቦ። ጥቁሩ ፌስታል ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ፕላስቲክ ቀልጦ ስለሚሠራ ምግብ በቀጥታ ባይነካው ይመረጣል። ዚፕ ያለው ወፍራም ላስቲክ ከሁሉ ይሻላል፤ ታጥቦ፣ ተገልብጦ ደርቆ ደጋግሞ ያገለግላል፣ ዋጋውን ይመልሳል። ፎይል ብቻውን በቀላሉ ይቀደዳል፣ ነገር ግን ከላዩ ላስቲክ ሲደረብበት ለግማሽ ድፎ የሚወዳደረው የለም፤ ላስቲኩን ገፎ በፎይሉ ኦቭን መክተት ይቻላል። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ዳቦው እንዳይጨፈለቅ ይጠብቃል፣ ግን በውስጡ ባዶ ቦታ ካለ ከዳቦው የሚወጣው እርጥበት እዚያው በረዶ ይሆናል፤ ዕቃው ልክ የሚሞላበት ይሁን። ኮባስ? ለመጋገር እንጂ ለፍሪዘር አይሆንም፤ ሲረጋ ይሰነጠቃል፣ ሲቀልጥም ዳቦው ላይ ውሃ ይተፋል።

ሽታ ሌላው ነገር ነው። ይህ ዳቦ ነው ወይስ የበግ ሥጋ እስኪባል ድረስ ዳቦ ሽታ ይስባል። ፍሪዘሩ ውስጥ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም ቅቤ ካለ ድርብ መጠቅለያ ግዴታ ነው።

አቆራረጥና አቀዛቀዝ

ድፎው ከምጣድ እንደወጣ ኮባው በትኩሱ ይላጥ፤ ከኮባው ሥር የታመቀው እንፋሎት መውጫ ካጣ የታችኛው ፊት ይረጥባል። ከዚያ ዳቦው ሰፌድ ላይ ወይም የሽቦ መደርደሪያ ላይ፣ ከሥሩም አየር እንዲያገኘው ሆኖ ይቀመጥ። ትሪ ላይ ከተቀመጠ ሥሩ ያልባል። 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድፎ መሐሉ እስኪበርድ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል። ቅርፊቱ በረደ ማለት መሐሉ በረደ ማለት አይደለም፤ አንዱን ጠርዝ ቆርጠው ጣትዎን መሐሉ ላይ ቢያሳርፉ ሙቀቱ ይታወቅዎታል። ለብ ያለ ዳቦ ታሽጎ ከገባ እንፋሎቱ ላስቲኩ ውስጥ በረዶ ይሆናል፣ ሲወጣም ያንኑ ውሃ ዳቦው ይጠጣውና ይላቁጣል። ጎን ያለውን ሥጋም ያሞቃል።

መዘግየቱም ያው ጥፋት ነው። «እስቲ ይቆይ፣ ካልተበላ እናስገባዋለን» ተብሎ በሦስተኛው ቀን የገባ ዳቦ የሦስት ቀን ዳቦ ሆኖ ይወጣል። ፍሪዘር ሰዓቱን ያቆማል እንጂ ወደ ኋላ አይመልስም። በበረደበት ቀን፣ ማታውኑ ይግባ።

ሲቆረጥ ጥርስ ባለው ቢላ፣ ሳይጫኑ እንደ መጋዝ እየጎተቱ ነው። መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ የአውራ ጣት ስፋት ያህል፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረት ባላቸው ቁራጮች። ከዚህ የሳሳ ይፈረፈራል፤ ከዚህ የወፈረ ምጣድ ላይ መሐሉ ሳይሞቅ ላዩ ያራል። ለአንድ ቡና የሚበቃውን፣ አራት ወይም ስድስት ቁራጭ፣ በአንድ ላስቲክ ያድርጉ። በቁራጮቹ መካከል የተቆረጠ ንጹሕ ላስቲክ ወይም የመጋገሪያ ወረቀት ጣል ከተደረገ አንዷን ብቻ ነጥሎ ማውጣት ይቻላል፤ ካልተደረገ ተጣብቀው በቢላ መፈልቀቅ ይመጣል፣ ያኔ እጅ የሚቆረጠው።

አየሩን በመዳፍ ጠፍጥፈው ያስወጡ፤ ዚፑን ከዳር እስከ ዳር ዘግተው የጣት ያህል ክፍት ተዉና በዚያች የቀረውን አየር በማስወጣት ይዝጉት። ፕላስተር ለጥፈው ቀኑንና ዓይነቱን ይጻፉ፦ «ድፎ፣ ሰኔ 12»። የረጋ ዳቦ ሁሉ አንድ ይመስላል።

ለመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት እሽጉ ተጋድሞ የፍሪዘሩን ወለል ወይም ግድግዳ ይንካ፤ ከዚያ በኋላ መደራረብ ይቻላል። ተነጥሎ የተጋደመ ቁራጭ በ2 ወይም 3 ሰዓት ይረጋል። ሙሉ ድፎ ግን አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ያን ሁሉ ሰዓት መሐሉ በሚያደርቀው ቅዝቃዜ ውስጥ ይዘገያል። ድፎ ሳይቆረጥ አይግባ የምንለው ቦታ ለመቆጠብ ብለን አይደለም።

የዓይነቶቹ ነገር ባጭሩ፦ ቶስት ዳቦ ከሁሉ ይመቻል፤ ከነላስቲኩ ሌላ ላስቲክ ደርቦ ማስገባት ነው። አምባሻ ስስ ስለሆነ ፈጥኖ ይረጋል፣ ካልታሸገም ፈጥኖ ይደርቃል። ፉርኖ ዳቦ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲያልፈው ቅርፊቱ ከመሐሉ ይለያይና ሲሞቅ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይረግፋል፤ መልኩ ይበላሻል እንጂ ቢበላ አይጎዳም። ቅቤ ወይም ዘይት የበዛበት ዳቦ ልስላሴውን ይዞ ይቆያል፣ ከሁለት ወር በኋላ ግን ቅባቱ መሽተት ይጀምራል። ሊጡን ራሱን ማቀዝቀዝስ? እርሾው በከፊል ስለሚሞት ሲቦካ ይለግማል፤ ጋግሮ ማቀዝቀዝ ይቀላል።

መብራት ሲጠፋ

በር አይከፈት። ይህች አንዷ ከሌላው ምክር ሁሉ ትበልጣለች። «ቀለጠ ወይስ አልቀለጠም» ብሎ በየሰዓቱ መክፈት ራሱ ያቀልጠዋል።

ፍሪዘሩ ባዶ ቦታ ካለው አስቀድመው በውሃ ፕላስቲክ ይሙሉት። ባለ 2 ሊትሩ ላይ 1.8 ሊትር ብቻ ይሙሉ፤ ውሃ ሲረጋ ወደ አሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ይሰፋል፣ እስከ አፉ የሞላ ይፈነዳል። በየቀኑ አንድ ሁለት እያሉ ያስገቡ፣ በአንድ ጊዜ አሥር አይደለም። እነዚህ ፕላስቲኮች መብራት ሲጠፋ ዳቦውን ያቀዘቅዛሉ፤ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ውሃ ናቸው።

ከቤት ውለው ሲመጡ መብራት ሄዶ እንደተመለሰ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። በትንሽ ኩባያ ውሃ አርግተው ላዩ ላይ የ1 ብር ሳንቲም ያስቀምጡና ፍሪዘር ውስጥ ይተዉት። ሳንቲሙ ላይ ላዩ ካለ ምንም አልሆነም። መሐል ከሰመጠ በከፊል ቀልጧል። ወለሉ ላይ ከተገኘ ሁሉም ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው።

የቀለጠ ዳቦ ምን ይደረግ? ውስጡ አሁንም የበረዶ ቅንጣት ካለው ተመልሶ ይርጋ፣ ብዙ አይጎዳም። ሙሉ በሙሉ ከቀለጠ ባዶ ዳቦ መርዝ አይሆንም፤ በዚያውና በማግስቱ ይበላ። እንደገና ቢረጋም ይበላል፣ ግን ይፈረፈራል፤ ለማድረቅ የሚሻለው ያ ነው። ሥጋ ወይም እንቁላል ያለበት ከሆነ፣ ወይም የሥጋ ደም ከነካው፣ ይጣል።

መብራት ሲመለስ ፍሪጁን የሚያቃጥለው የሚወጣና የሚወርደው ኃይል ነው። የፍሪጅ መከላከያ (ፍሪጅ ጋርድ) መብራት ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚለቀው፤ ከሌለዎት መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን ነቅለው፣ ከመጣ 5 ደቂቃ ቆይተው ይሰኩት።

ማውጣትና ማሞቅ

ማታ ከፍሪዘር አውጥቶ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ለሥጋ ትክክል ነው፤ ለዳቦ ግን አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያደርቀው ቅዝቃዜ ላይ ያስቀምጠዋል። ዳቦ ጠረጴዛ ላይ፣ ላስቲኩ ሳይፈታ ይቅለጥ። በጅማ እርጥብ አየር ላስቲኩ ከተፈታ ጠሉ ዳቦው ላይ ያርፋል፤ ካልተፈታ ላስቲኩ ላይ ነው የሚያርፈው። ቁራጭ በ30 ደቂቃና በ1 ሰዓት መካከል፣ ትንሽ ፉርኖ ዳቦ ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ግማሽ ድፎ 5 ወይም 6 ሰዓት ይበቃዋል።

ቁራጭ ሳይቀልጥም ይሞቃል። የኤሌክትሪክ ምጣዱን በዝቅተኛ ሙቀት ያግሉ፣ በእጅ ውሃ ጣል ጣል አድርገው ቁራጮቹን ይደርድሩ፣ አክምባሎውን ይድፉ፤ በአንድ ፊት 3 ወይም 4 ደቂቃ። በከሰል ወይም በቡታጋዝ ከሆነ መጥበሻ ከነክዳኑ ያው ነው፤ እሳቱ ከበረታ ላዩ ያራል፣ መሐሉ በረዶ ሆኖ ይቀራል። በኦቭን 180 ዲግሪ ፉርኖ ዳቦ ከነበረዶው በ8 ወይም 10 ደቂቃ ይደርሳል፤ በፎይል ያለ የቀለጠ ግማሽ ድፎ በ160 ዲግሪ 25 ደቂቃ። ማይክሮዌቭ ለአንድ ቁራጭ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ፤ ካለፈ ጎማ ይሆናል፣ ወዲያውም መበላት አለበት።

ለየትኛው ቤት የቱ?

ብቻውን ለሚኖር ተማሪ ወይም ተከራይ ፍሪጅ ከሌለው፣ የሁለት ቀን ብቻ መግዛት፣ በጨርቅ ማስቀመጥ፣ የተረፈውን ማድረቅ። ገንዘብ የሚወጣበት ነገር የለም።

ባለ አንድ በር ፍሪጅ ያለው ቤት መጀመሪያ የጨው ውሃውን ፈተና ያድርግ፤ ካለፈ ወጪው አንድ እሽግ ዚፕ ላስቲክ ብቻ ነው። ካላለፈ፣ ባለ ሁለት ኮከብ መሆኑ ካልታወቀ በቀር፣ ከሳምንት በላይ አያስቀምጥ።

በሳምንት አንዴ የሚጋግር ቤተሰብ አዲስ ፍሪጅ ሊገዛ ካሰበ፣ ከሊትሩና ከቀለሙ በፊት የፍሪዘሩን ኮከብ ይቁጠር። ሦስት ካልሆነ ይለፈው።

መብራት ቀኑን ሙሉ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነና ሥጋም ዳቦም የሚቀመጥ ከሆነ ዲፕ ፍሪዘር፣ በውሃ ፕላስቲክ የተሞላ። አቅሙ ከሌለ ሁለት ሦስት ጎረቤት ተደራጅቶ አንድ ቢጠቀም ያዋጣል፤ ዳቦው ላይ ስም ይጻፍበት እንጂ።

ቆጮ የሚጠቀም ቤት ዕድለኛ ነው፤ ሊጡ ከድሮም በጉድጓድ ውስጥ ለወራት የሚቆይ ስለሆነ ፍሪዘር አያስፈልገውም። እንጀራ ግን ይረጋል፦ ለአራት ታጥፎ፣ በእያንዳንዱ መካከል ላስቲክ ገብቶ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ። ሳይቀልጥ ከተዘረጋ በእጥፋቱ ይሰነጠቃል፤ አንድ ሰዓት ጠብቆ፣ ለብ ባለ ምጣድ ላይ ከአክምባሎ ሥር አንድ ደቂቃ ነው።